አር-ስኩዌር 0.999 ሲወጣ አይቸኩሉ፦ የኬሚካል ምህንድስናና የማቴሪያል ሳይንስ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጋዝ ቋሚው አር 8.314 ነው ወይስ 0.08206?

መልስ፦ በጁል ከሠሩ የመጀመሪያው፣ በሊትርና በአትሞስፌር ከሠሩ ሁለተኛው። ሙቀቱ በሁለቱም በኬልቪን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የማስተርስ ተማሪ ከቡና ገለባ በሠራው አክቲቬትድ ካርቦን (ቀዳዳው የበዛ፣ ብክለት የሚይዝ ከሰል) ስድስት ቫለንት ክሮሚየም ከውኃ አስወግዷል። ውጤቱ ፕሱዶ ሰከንድ ኦርደር የተባለውን የፍጥነት ሞዴል በአር-ስኩዌር (ነጥቦቹ ከመስመሩ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ የሚያሳይ ቁጥር፤ 1 ፍጹም ነው) 0.999 ስለተከተለ፣ «ኬሚካላዊ ትስስር ነው ብዬ ልደምድም?» ይላል።

መልስ፦ አይደምድሙ። ይህ ጥያቄ ገለባው እየተቀየረ ይመላለሳል፤ አንዴ የጤፍ ጭድ፣ አንዴ የሙዝ ልጣጭ። ጣጣው ያለው ግራፉ ላይ ነው። በአግድሙ ጊዜን፣ በቁሙ ደግሞ ጊዜን ለተያዘው መጠን (ለኪው) አካፍለው አስቀምጠዋል፤ ጊዜ በሁለቱም በኩል ተቀምጧል። ኪው አንዴ ከረጋ ነጥቦቹ መሰለፋቸው አይቀርም። ይሞክሩት፦ በ60፣ በ120፣ በ180 እና በ240 ደቂቃ ኪው 48፣ 52፣ 47፣ 51 ሚሊግራም በግራም ይሁን። ይህ የመለኪያ መዋዠቅ እንጂ ስለ ፍጥነት የሚናገረው ነገር የለም። ሲያካፍሉት ግን 1.25፣ 2.31፣ 3.83፣ 4.71 ይወጣል፤ አር-ስኩዌሩ 0.99!

ናሙናውን ገና ከጅምሩ ይውሰዱ፦ በ1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 15 ደቂቃ። ኪው ከረጋ በኋላ ያሉትን ነጥቦች ከስሌቱ ያውጡ። ቀመሩን ወደ ቀጥታ መስመር ሳይለውጡ በኤክሴል ሶልቨር ያሠሩት፤ በልኬቱና በሞዴሉ መካከል ያለው ልዩነት ተከታትሎ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ሞዴሉ አልገጠመም። ከዚያ ማማሰያውን ከ150 ወደ 300 ዙር በደቂቃ ያሳድጉ። ፍጥነቱ አብሮ ከጨመረ፣ የሚያዘገየው በቅንጣቷ ዙሪያ ያለው ስስ የውኃ ሽፋን ነው፤ ትስስር አይደለም። ክሮሚየሙ ደግሞ ካርቦኑ ላይ ወደ ሦስት ቫለንት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ያንን ኤክስ-ሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ ያሳያል፤ ከጊዜ ግራፍ አይነበብም።

ጥያቄ፦ የዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል በሼረር ቀመር (ከኤክስ-ሬይ ዲፍራክሽን ፒክ ስፋት የክሪስታል መጠን በሚያሰላው) 0.29 ናኖሜትር ወጣ። ጥሩ ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ ከራሱ ዩኒት ሴል (ክሪስታሉን እየተደጋገመች ከምትሠራው ትንሿ ክፍል) ያነሰ ክሪስታል ሠርተዋል፤ የሴሉ ቁመት 0.52 ናኖሜትር ነው። የፒኩን ስፋት፣ 0.5ን፣ በዲግሪ አስገብተዋል። በራዲያን 0.00873 ነው። የፒኩን ማዕዘን፣ 36.3 ዲግሪውን፣ ለሁለት ከፍለው ኮሳይኑን ይውሰዱ፤ 16.7 ናኖሜትር ይመጣል። ማሽኑ ራሱ የሚጨምረውን ስፋት በላንታነም ሄክሳቦራይድ (በማነጻጸሪያ ናሙና) ለክተው መቀነስ አይርሱ።

ጥያቄ፦ አንዲት የፒኤችዲ ተማሪ ከካርቦን ውስጥ ሲሊካ ለማውጣት «ትንሽ» ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ልትጠቀም ነው። ተራ የላብ ጓንት ይበቃ እንደሆነ ትጠይቃለች።

መልስ፦ አይበቃም! የቀጠነው አሲድ ሲነካ ላያቃጥል ይችላል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሲመጣ ፍሎራይዱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካልሲየምን እየያዘ ነው፤ ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። 2.5 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በሌለበት ላብ ጠርሙሱ አይከፈት። የደኅንነት ኃላፊውን በአካል ሳያነጋግሩ ፈጽሞ አይጀምሩ። ከነካዎት ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠቡ፣ ጄሉን ይቀቡ፣ ባያምዎትም ሆስፒታል ይሂዱ። ደግሞም ለዚህ ሥራ 2 ሞላር ትኩስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበቃል። መነጽር ያድርጉ፤ ዕቃው ቴፍሎን ይሁን፣ ብርጭቆ ራሱ ሲሊካ ነውና ይበላል።

ጥያቄ፦ ቴርሞዳይናሚክስን ከሪያክሽን ኢንጂነሪንግ በፊት ልውሰድ?

መልስ፦ አዎ። የቀረውን አማካሪዎን ይጠይቁ።