ውሻ ይዞ ደቡብ ወሎ ያለው ቦረና ሳይንት ፓርክ መውጣት ይቻላል ወይ ላልከው

ወደ ፓርኩስ ይቅርብህ። ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ቢሆንም መልሴ ያው ነው። እዚያ ደጋው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም የቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚደርስበት በዋናነት ከቤት ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ላይ የገባው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ክትባት የማያስቆመው ነገርም አለ፦ ውሻህ ካባረረው ቀበሮው አደኑን ትቶ ይሸሻል።

መነሻህ ኮምቦልቻ ከሆነ የጎፍ ደን ይሻልሃል። ቅርብ ነው፣ ጥላም አለው። ብቻ ከመግባትህ በፊት የደን ጥበቃዎቹን ጠይቃቸው።

"ገመዱን ልፍታለት?" ላልከው፣ እንዳትፈታው። ዝንጀሮ ካየ አይመለስልህም፤ የወንዱ ዝንጀሮ ክራንቻ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ውሃ ያዝለት። ስትመለሱ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መሃል መዥገር ፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ከዝንጀሮው ይልቅ የሚያስቸግረው የእረኛ ውሻ ነው። በግ ካየህ ራቅ ብለህ ዙር። ውሻው እየጮኸ ከመጣ አትሩጥ፣ ድንጋይም አታንሳ። ገመዱን አሳጥረህ ቁምና "ኧረ ውሻህን ያዝልኝ!" በለው። እረኛው በፉጨት ይመልሰዋል። መንገደኛ ሲያልፍም ውሻህን ወደ ጎን ሳብ አድርገው፤ ሰውየው ሙስሊም ከሆነና ልብሱን ከላሰበት ለሰላት ሊያጥበው ነው።