ዲቴክተሩን ከመቀየርሽ በፊት ታንኩን ዝጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ1998 ካምፐር ቫን ገዝተሻል። ፍሪጁ በጋዝ ሲሠራ ካደረ ጠዋት የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለ። የጋዝ ዲቴክተሩ አንዳንድ ሌሊት ይጮሃል። ሁለት ሰዎች ደግሞ «አርጅቶ ነው፣ ቀይሪውና ተገላገይ» ብለው መልሰውልሻል። እኔም ይህንኑ ምክር ሰምቼ 412 ዶላር ከፍያለሁ። ከገንዘብም በላይ ሊያስከፍለኝ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ዛሬውኑ ቫኑ ሥር ያለውን የታንኩን ቫልቭ ዝጊ። ሽታ ባለበት ሰዓት መብራት አታብሪ፣ የበራውንም አታጥፊ። በሩን ከፍተሽ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ሽታው ከበረታ ራቅ ብለሽ 911 ደውዪ።

2. አፍንጫሽን ወደ ወለሉ አውርጂ። ፕሮፔን፣ ማለትም ታንክሽ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። ዲቴክተሩ እግርሽ ሥር የተገጠመው ለዚህ ነው። ቆመሽ ካሸተትሽ ምንም ላይሸትሽ ይችላል።

3. የዲቴክተሩን ጀርባ አይተሽ የተሠራበትን ቀን አንብቢ። ዕድሜው ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። ካለፈበት ይቀየር፤ እሱስ ልክ ነው። የፀጉር ስፕሬይም ሊያስጮኸው ይችላል። ግን አዲሱም ከጮኸ እመኚው። እኔ የእኔው ሲጮኽ አላመንኩትም።

ኦክቶበር 2022 ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሸናንዶዋ፣ ቢግ ሜዶውስ አደርን። ብርድ ስለነበረ መስኮቱን ሁሉ ዘጋግተናል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲቴክተሩ ጮኸ። ተነሥቼ፣ ቆሜ አሸተትኩ። ምንም የለም። ልጆቹ እንዳይነቁ ብዬ ፊውዙን ነቀልኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ናት «እኔ እዚህ ውስጥ አልተኛም» ብላ በሩን የከፈተችው። ወርጄ ታንኩን ዘጋሁ። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን ውጭ ተቀምጠን አነጋን። እግዚአብሔር ይስጣት።

ሰኞ አንድ ትልቅ የአርቪ (እንደ ካምፐር ቫን ያሉ የሚታደርባቸው መኪናዎች) ጋራዥ ደወልኩ። ሰውዬው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ የቫኑን ዓመተ ምሕረት ነው። «ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን አንነካም» አለኝ። አንቺም ይህን መስማትሽ አይቀርም፤ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ልጆች አሉኝ ብዬ ለምኜ ተቀበለኝ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ዲቴክተሩን ቀየሩ፣ በሚታዩት መገጣጠሚያዎች ላይ ሳሙና ረጩ፣ «ንጹሕ ነው» አሉኝ። የግፊት ምርመራ ሠርታችኋል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ታንክ ሊያልቅ ሲል ይሸታል፣ አስሞላው» አለኝ። ታንክ ሊያልቅ ሲል ሽታው እንደሚበረታ አውቃለሁ። የእኔ ግን ግማሽ ነበር። ነገርኩት። «ቀጣይ!» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሠርቼ ግብር ከፍዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

ከዚያ በንዴት ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። የፍሪጁን የውጭ ክዳን ከፈትኩ። መዳቡ ቱቦ ፍሪጁ ላይ የሚታሰርበትን ዳዶ አገኘሁ። ይህ ነው የላላው ብዬ በአንድ መፍቻ ጨምቄ አጠበቅኩት። ቱቦው አብሮ ዞረ። ሽታው ባሰ። እህቴ፣ እባክሽ በአንድ መፍቻ አትንኪው። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። ታንኩን ዘግቼ ተውኩት።

በመጨረሻ ቤት ድረስ የሚመጣ፣ የአርቪ ጋዝ የሚሠራ ሽማግሌ አገኘሁ። ያመጣው ዕቃ ምን መሰለሽ? ሰሌዳ ላይ በዩ ቅርጽ የታጠፈ ግልጽ ቱቦ፣ ውስጡ ቀለም የገባበት ውኃ። ማኖሜትር ይሉታል። ምድጃው ላይ ከአንዱ የእሳት ቀዳዳ ጋር አገናኘው። የጋዙን ግፊት ውኃው በሚገፋበት ከፍታ፣ በኢንች ይለካል። ታንኩን ሲከፍት 11 ኢንች አሳየ። ሬጉሌተሩ፣ ከታንኩ የሚወጣውን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ፣ ደህና ነው ማለት ነው። ፍሪጁ፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የምድጃው ሌሎች እሳቶች ሁሉ ጠፍተዋል። ታንኩን ዘጋ፤ ጥቂት ጋዝ አስተንፍሶ ወደ 8 ኢንች አወረደውና ሰዓቱን ያዘ። ለሦስት ደቂቃ ንቅንቅ ማለት የለበትም። የእኔ ውኃ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሳሙና የሚናገረው እጅሽ ለደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። ይሄኛው ግን መስመሩን በሙሉ ይናገራል። አንቺ የምትፈልጊው ይህን ነው፤ ሠራተኛ ስትደውዪ «የግፊት መውረድ ምርመራ በማኖሜትር ትሠራለህ?» በዪው። ካንገራገረ ስልኩን ዝጊ።

ቀጥሎ የፍሪጁን መስመር ፈትቶ ደፈነና እንደገና ለካ። ውኃው ቆመ። እዚያው ዳዶ ነው። ሲፈታው ነጭ ቴፍሎን ተጠምጥሞበታል። የቀድሞው ባለቤት ሥራ ነው። ያ ዓይነት መገጣጠሚያ፣ የመዳቡ አፍ እንደ ጥሩምባ ተከፍቶ ነሐሱ ላይ የሚቀመጠው፣ ቴፍሎን አይፈልግም። የሚዘጋው ብረት ለብረት ሲገጥም ነው። ከቴፍሎኑ ሥር አፉ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል። እኔ ስጠመዝዘው ደግሞ ይበልጥ ከፍቼዋለሁ። ወለሉን በሚያልፍበት ቦታም የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ወድቆ፣ መዳቡ ብረት ሲፍቀው ሳስቷል። ስለዚህ ያንን ቱቦ በሙሉ በአዲስ ቀየረው፤ አፉን በመሣሪያ ከፈተ፣ ጎማውንም ተካ። እንደገና ለካ። ሦስት ደቂቃ፣ 8 ኢንች፣ ንቅንቅ የለም። 240 ዶላር ጠየቀኝ፣ በደስታ ከፈልኩ። ቡና አፍልተን አብሮን ጠጣ።

ሳሙና መርጨትሽ ካልቀረ የዕቃ ማጠቢያውን ተዪው። አሞኒያ ወይም ክሎሪን ካለበት ነሐሱንና መዳቡን ይበላል። ለጋዝ የተሠራው ፈሳሽ ጥቂት ዶላር ነው። ታንኩንና ሬጉሌተሩን ራስሽ አትፍቺ።

ወደ ፊላደልፊያ እንሄዳለን ስላልሽ፣ የባልቲሞር ሁለቱ ቶነሎች እንደ አንቺ ያለ የፕሮፔን ታንክ ያለበትን መኪና አያሳልፉም። ድሮ በኪ ብሪጅ፣ በባልቲሞሩ ድልድይ፣ እንዞር ነበር፤ በማርች 2024 ወድቋል። አሁን ባልቲሞርን የሚከበውን አውራ ጎዳና 695ን በምዕራብ በኩል ዙሪ።

እኔ አሁን የራሴ ማኖሜትር አለኝ። በየዓመቱ ከመውጣታችን በፊት እለካለሁ። የአራት ጓደኞቼንም ቫን ለክቻለሁ፣ ሁለቱ ላይ ጋዝ ሲያፈስ አግኝቻለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። አንቺም እዚሁ አካባቢ ከሆንሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤው እመጣለሁ፣ ክፍያ የለውም። እስከዚያ ፍሪጁን በኤሌክትሪክ አሠሪው፤ ቫልቩም ተዘግቶ ይቆይ።