እናንተ ጠይቁ፣ እኛ እንመልሳለን፦ መኪና እሳተ ገሞራ ውስጥ ይገባል እንዴ?

ስለ ካሪቢያን ደሴቶች ጠይቁን ካልን ወዲህ ከመጡት ደብዳቤዎች ሶስቱ ስለ አንድ ቦታ ናቸው፣ ስለ ሴንት ሉሲያዋ ሱፍሬር። ስለዚህ አንድ ላይ አደረግናቸው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔና ጓደኛዬ ተከራክረን ልንጣላ ነው። እሱ ሱፍሬር የሚባል ቦታ መኪና ይዘህ ቀጥ ብለህ እሳተ ገሞራ ውስጥ ትገባለህ ይላል፣ እኔ ደግሞ ቀልድ ነው አልኩት። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቅርታ ጠይቀው። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግማሹን ብቻ።

ሱፍሬር በሴንት ሉሲያ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለች ከተማም፣ ከአስሩ የደሴቲቱ ወረዳዎች የአንዱ ስምም ናት። ወረዳዋ ሰፊ የምትባል አይደለችም፣ ህዝቧም ስምንት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ሆኖ የመጣው ከድኝ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ስትደርስ ከአይንህ በፊት አፍንጫህ ነው የሚያውቀው፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ። ነገርዬው ምንድነው፣ ድሮ ድሮ እሳተ ገሞራው ወደ ውስጥ ተደርምሶ ትልቅ ጎድጓዳ ሰርቷል፣ ከተማዋም መንገዱም እርሻውም በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ መኪናህ የጎድጓዳውን ጠርዝ አልፎ ሲወርድ በቃ ገብተሃል ማለት ነው። ግን የሚንቀለቀል እሳት አትጠብቅ። የምታየው ጭስ የመሰለ እንፋሎትና ቡልቅ ቡልቅ የሚል ግራጫ ጭቃ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1766 ነው፣ ያውም የቀለጠ ድንጋይ ሳይሆን እንፋሎት ነው የተፋው። ድሮ ሰው እስከ ጉድጓዶቹ አፍ ድረስ ይሄድ ነበር፣ አንድ አስጎብኚ መሬቱ ከድቶት ገብቶ ክፉኛ ከተቃጠለ በኋላ ግን ከአጥር ጀርባ ሆኖ ማየት ብቻ ሆነ።

ፎቶ ላይ የምታያቸው ሁለት ሹል ተራሮች ደግሞ ግሮ ፒቶን እና ፔቲ ፒቶን ናቸው፣ 770 እና 743 ሜትር። ቁመታቸው ብዙ አይደለም ትል ይሆናል፣ ግን ከባህሩ ቀጥ ብለው ስለሚነሱ ጀልባ ላይ ሆነህ አንገትህን ሰብረህ ነው የምታያቸው። የሚገርመው የደሴቲቱ ረጅሙ ተራራ እነሱ ሳይሆኑ እዛው ሱፍሬር ወረዳ ያለው ጊሚ ነው፣ 950 ሜትር፣ ግን ደን ውስጥ ስለተደበቀ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እንደዚህ የሚያምር ቦታ ላይ የሚኖር ሰው በምን ነው የሚተዳደረው? ሁሉም ሆቴል ነው የሚሰራው ወይስ ሌላ ስራ አለ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ድሮ ሸንኮራ ነበር፣ ያውም በባርነት ጉልበት። በኋላ ሙዝ መጣ፣ አረንጓዴ ወርቅ ይሉት ነበር፣ እንግሊዝ ከቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ በልዩ ሁኔታ ትገዛ ስለነበር ዳገት ላይ ትንሽ ማሳ ብቻ ያለው ገበሬ ልጁን ያስተምርበት ነበር። ከዛ በ1997 የአለም ንግድ ድርጅት የአውሮፓ የሙዝ አሰራር ህጉን ይጥሳል ብሎ ፈረደና ያ ጥቅም እየሳሳ ሄደ፣ ብዙ ሰው ሙዙን ተወው። በዛ ላይ በ2010 ኦክቶበር መጨረሻ ቶማስ የሚሉት አውሎ ነፋስ መጥቶ የሱፍሬርን ዳገቶች ናደው፣ ሰው ሞተ፣ መንገድ ተቆረጠ።

ካካዎ ግን አለ። እንደውም ቸኮሌት እንደገና ሲወደድ እሱም ነፍስ ዘራ። ፍሬው ተሰብሮ ነጩ ለጋው ከነዘሩ እንጨት ሳጥን ውስጥ ተከቶ ለአንድ ሳምንት ገደማ ይብላላል፣ ከዛ ፀሀይ ላይ ይሰጣል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በባዶ እግር ላዩ ላይ እየረገጡ ያሹታል፣ እስኪያብለጨልጭ ድረስ። ካካዎ ማስጨፈር ይሉታል። አሁን ይሄን የሚያደርጉት በአብዛኛው ለቱሪስት ነው፣ ይሁን፣ እንጀራ ነው።

እኔን ግን የሚገርመኝ የባህሩ ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ መጀመሪያ አሳ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት ቦታ ላይ ጀልባዎች መልህቅ ይጥላሉ፣ ጠላቂ ቱሪስት ደግሞ ወጥመዱን አይቶ ይነካካል፣ ሆቴሉ አሳ አጥማጅ ከፊቴ ይነሳልኝ ይላል፣ ፀብ በፀብ። ከብዙ ስብሰባ በኋላ በ1995 11 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዳርቻ ቁርጥርጥ አድርገው ተካፈሉት፣ ይሄ ለአጥማጅ፣ ይሄ ለጀልባ ማሰሪያ፣ ይሄ ለሁሉም፣ ይሄ ደግሞ ማንም አሳ እንዳይነካበት። የተዘጋው ክፍል ከማጥመጃው 35 በመቶ ገደማ ነበር፣ ይሄ ማለት ሽማግሌው አጥማጅ አባቱ ሲያጠምድ የኖረበትን ሪፍ (አሳ የሚሰበሰብበትን የባህር ውስጥ ኮራል) አትንካ ተባለ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተናደዱ፣ እውነትም ተጎድተዋል። ከአምስት አመት በኋላ ግን ሲለካ ከተዘጋው ውጪ ባለው ውሃ የትልቁ ወጥመድ ምርት 46 በመቶ፣ የትንሹ ደግሞ 90 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሳው ተደብቆ ይወልዳል፣ ሲሞላ ይወጣል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

የብስ ላይ ግን እንደዚህ አልተሳካም ባይ ነኝ። በሁለቱ ፒቶኖች መሀል ያለውን ሸለቆ አንድ የእንግሊዝ ባለፀጋ ይዞት ዝሆን ሁሉ አምጥቶበት ነበር (እውነት ነው፣ ዝሆን!)፣ በኋላ ሪዞርት ተሰራበት፣ የአገሩ ልጅ ባለኖቤሉ ገጣሚ ዴሪክ ዋልኮት ሳይቀር ተቃውሞ ነበር፣ የሰማው የለም። በ2004 ዩኔስኮ አካባቢውን መዘገበው፣ ሪዞርቱም እዛው ነው። የባህር ዳርቻው ግን በህግ የህዝብ ነው፣ ማንም ሄዶ መዋኘት ይችላል። ነጩ አሸዋ ደግሞ ከውጪ መጥቶ የተነጠፈ ነው፣ የአገሩ አሸዋ ጠቆር ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አለህ፣ እኔ ክሩዝ መርከብ ላይ ነው የምሰራው፣ መርከባችን ዋና ከተማው ካስትሪስ ላይ አንድ ቀን ይቆማል፣ ፈቃድ ካገኘሁ ሱፍሬር ደርሼ መምጣት እችላለሁ? ምን ልይ?

መልስ፦ እህቴ ትችያለሽ፣ ግን ግሮ ፒቶንን እርሺው። ከጋይድ ጋር ወጥቶ መውረድ አራት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ መርከብሽ ደግሞ አይጠብቅሽም። ጉዞው የሚነሳበት መንደር ስሙ ፎን ዣን ሊብር ነው፣ የነፃ ሰዎች ሸለቆ እንደማለት፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተደበቁበት ነው፣ ሌላ ጊዜ ረዘም ላለ እረፍት ያዢው። በምትኩ ቴት ፖል የሚባል አጭር የእግር መንገድ አለ፣ ሁለቱንም ፒቶን ከዛ ታያቸዋለሽ።

በመኪና መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ሆድሽ ደካማ ከሆነ በጀልባ ሂጂ፣ በምዕራብ ዳርቻው ነው የሚወርደው፣ ፒቶኖቹም ከባህር ሲታዩ ነው የሚያምሩት። ከዛ ጭቃው። ፍልውሃው ወርዶ በረድ ሲል ሰው ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ጭቃውን ይቀባል፣ ፀሀይ ላይ እስኪደርቅ ይቆማል፣ መልሶ ይታጠባል። ነጭ ዋና ልብስ እንዳትለብሺ፣ አይለቅም። የብር ሀብል ወይ ቀለበት ካለሽ መርከብ ላይ ትተሽው ውረጂ፣ ድኙ ያጠቁረዋል። ፀጥ ያለ ነገር ከፈለግሽ ዳይመንድ የአበባ ቦታ ግቢ፣ እዛ ያለውን መታጠቢያ በ1784 ለፈረንሳይ ንጉስ ወታደሮች ነው የሰሩት፣ ፏፏቴው ላይ ያለው ድንጋይ ከማዕድኑ የተነሳ ቢጫም አረንጓዴም ሆኗል።

ብሩ የምስራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው፣ ከ1976 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ተቆርጦለታል፣ ስለዚህ ስትገዢ በየትኛው ዶላር እንደሚጠሩልሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከመመለስሽ በፊት ካካዎ ቲ ጠጪ። ሻይ አይደለም፣ ተፈጭቶ በዱላ መልክ የተጋገረውን ካካዎ ፈቅፍቀው ከቀረፋና ከገውዝ ጋር ያፈሉታል፣ ላዩ ላይ የራሱ ቅባት ይንሳፈፋል፣ በተጠበሰ ቂጣ ነው የሚጠጣው። ሲሰጡሽ በክሪዮላቸው (ከፈረንሳይኛ በወጣው ቋንቋቸው) «ሜሲ»፣ አመሰግናለሁ፣ በያቸው፣ ፈገግ ይላሉ።