«አክስት በኦሪት አለች እንዴ?»

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ።

46 ዓመቴ ነው። ከጎንደር በልጅነቴ መጥቼ ያደግኩት እዚሁ እስራኤል ነው። አላገባሁም፤ አልወለድኩም። የወንድሜን ልጅ ግን ከስምንት ወሯ እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ዓርብ የሰንበት ዳቦ ሳቦካ ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ እጇን እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ትከታለች። ሊጡ ሳይታጠብላት እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥላታል።

አሁን 12 ዓመት ሊሞላት ነው። ባት ሚጽቫዋ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችበት በዓል፣ የሚመጣው ወር ነው። ራሷ ደውላ «ዶዳ (አክስቴ)፣ አንቺ ንግግር ታደርጊልኛለሽ» አለችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ እናቷ ደወለች። «ንግግር ካስፈለገ እናት አላት። አክስት አክስት ናት» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የከነከነኝ ደግሞ ልክ ሳትሆን አትቀርም የሚለው ነገር ነው። ሰንበት ሲገባ ሴት ልጆችን የምንመርቀው «እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔል፣ እንደ ልያ» እያልን ነው። አራቱም እናቶች ናቸው። በኦሪት አክስት የምትባል ሰው አለች እንዴ? ልናገር ወይስ ይቅርብኝ?

ዶዳዋ ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ እዚያው ምርቃቱ ላይ እንቆይ። ራሔልና ልያ እህትማማቾች አይደሉም? ራሔል ዮሴፍን ከመውለዷ በፊት ልያ ስድስት ወንዶችና ዲናን ወልዳ ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ራሔል ምን ነበረች? አክስት። የእንጀራ እናትም ናት ካልሽኝ አልከራከርሽም። ግን አየሽ፣ በየሳምንቱ አክስት እየጠራሽ ነው የምትመርቂያት።

«ዶዳ» የሚለው ቃልም ቢሆን በዕብራይስጡ ኦሪት መጀመሪያ የሚገኘው በሙሴ እናት በዮካብድ ላይ ነው። የሙሴ አባት እንበረም የአባቱን እህት አገባ ይላል። እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ለምንጋባው ለእኛ የሚያስደነግጥ ነው፤ ዘሌዋውያንም ኋላ ከልክሎታል።

እኔ የምወዳት አክስት ግን ኦሪት ውስጥ የለችም። ነገሥት ላይ ናት፤ ዮሳቤት ትባላለች። ወንድሟ ንጉሥ አካዝያስ ሲገደል እናቱ ጎቶልያ የንጉሡን ዘር ልታጠፋ ተነሳች። የገዛ የልጅ ልጆቿን! ዮሳቤት ከሚገደሉት መካከል ሕፃኑን ኢዮአስን ሰርቃ ከነሞግዚቱ ደበቀችው። ከዚያ ስድስት ዓመት በቤተ መቅደስ ተሸሸገ። ጎቶልያ ዙፋን ላይ፣ ልጁ እዚያው ኢየሩሳሌም። ጥርስ ሲያወጣ፣ ሌሊት ሲያለቅስ፣ መሮጥ ሲጀምር እንዴት አድርገው ዝም እንዳሰኙት መጽሐፉ አይነግረንም። አንቺ ግን ልጅ ስላሳደግሽ ይገባሻል። የዳዊት ዘር በአንዲት አክስት እጅ ላይ ቀርቶ ነበር።

በሰባት ዓመቱ ባሏ ካህኑ ዮዳሄ አወጣውና ዘውድ ጫነለት። ሕዝቡ አጨበጨበ። በዚያ ቀን የዮሳቤት ስም አይነሳም። ያንቺም በሰባት ዓመቷ ነው የሄደችው። ይሄኛውን ሳነብ ደብዳቤሽን ለአፍታ አስቀመጥኩት።

ላባብልሽ አልፈልግም፤ ኢዮአስ ኋላ ውለታ በላ ሆኗል። የዮዳሄን ልጅ ዘካርያስን በድንጋይ አስወግሮ አስገደለው። ያንቺዋ ግን ማንም ሳይነግራት ራሷ ስልክ አንስታ ደውላልሻለች።

አሁን ወደ ወንድምሽ ሚስት እንምጣ። የልያ ልጅ ሮቤል እንኮይ ከሜዳ ሲያመጣ ራሔል ልያን ትንሽ ስጪኝ አለቻት። ልያ ምን አለች? ባሌን የወሰድሽው አንሶሽ ነው የልጄን እንኮይ የምትፈልጊው? ነገሩ የእንኮይ አልነበረም። ይሄም የንግግር አይመስለኝም። ያ ሊጥ፣ ያ ሶፋ፣ እሷ በሥራ ያሳለፈችው ነው። አንቺ የምትናፍቂውን ዓመት እሷ ጭራሽ አላገኘችውም። የተናገረችሽ ግን ክፉ ቃል ነው፤ እሱን አላስተባብልላትም።

ስለዚህ ቀድመሽ አንቺ ደውዪላት። በዋትስአፕ አይሆንም፣ ድምፅሽን ትስማው። «ሦስት ደቂቃ እናገራለሁ፤ ያንቺንም ሌሊት ሳልጠቅስ አልወርድም» በያት። ከተስማማች ስለ እናትነት አትናገሪ። ስለ ሊጡ ተናገሪ፤ ከዚያ ልጅቷ እንቅልፍ ላይ ሆና እናቷ ለሥራ ትወጣ እንደነበር ተናገሪ። እምቢ ካለችሽ ልጅቷን በዚህ ጉዳይ አታስጨንቂያት። የዝግጅቱን ዳቦ አንቺ ጋግሪ፤ ሊጡን ከእሷ ጋር አቡኪው። እሱን ማንም አይከለክልሽም።