ሎስለስ ከፈትኩ፤ ታዲያ ልዩነቱ የታለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ድምፅ ዕቃዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሙዚቃ መተግበሪያው ስፖቲፋይ ሎስለስ (ድምፁን ምንም ሳይቀንስ የሚልክበትን ጥራት) ጀመረ ሲባል ሰምቼ ወዲያው ከፈትኩት። ሳሎናችን ውስጥ ጥሩ የሚባል ሪሲቨርና ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች አሉን፤ ስልኬን በብሉቱዝ አገናኝቼ ነው የምሰማው። ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ አንድ የድሮ ዘፈን አንዴ በሎስለስ፣ አንዴ በቀድሞው ጥራት እያደረግኩ ደጋገምኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ምንም አልተለወጠብኝም። ባለቤቴ «ወሬ ነው» እያለ ይስቅብኛል። የጆሮዬ ችግር ነው ወይስ የዕቃው?
ዘ.፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ ዘ.፣ ጆሮሽ ደህና ነው። ባለቤትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ይህን ግን ቡና ላይ አትንገሪው።

የጻፍሽው ውስጥ መልሱን የያዘች አንዲት ቃል አለች፦ ብሉቱዝ። ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት ይመዘግባል። ግራና ቀኙ ሲደመር በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። የስፖቲፋይ የቀድሞ ከፍተኛ ጥራት 320 ኪሎቢት ነበር፤ ወደዚያ የሚወርደው «ይህን ጆሮ አይለየውም» ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው። ሎስለስ የሚባለው፣ በተለይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት፣ ምንም አይጥልም። ነጠላ ታጥፎ ሻንጣ ሲገባ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ሲዘረጋ ጥለቱ ሙሉ ነው፤ ኤምፒ3 ግን ሻንጣው እንዲዘጋለት ጥለቱን ቆርጦ የሚያስቀር ነው። አሁን ስፖቲፋይ የሚልክልሽ የታጠፈውን ሙሉ ነጠላ ነው። ስልክሽ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ ለብሉቱዝ ብሎ እንደገና ይቆርጠዋል። ተራው የብሉቱዝ አሠራር ከ330 ኪሎቢት ብዙም አያልፍም። ኤልዳክ የሚባለው የተሻለው እንኳ 990 ላይ ይቆማል፣ አይፎን ደግሞ እሱንም አያውቀውም። ስለዚህ ቅዳሜ ያወዳደርሽው አንድ የተቆረጠን ከሌላ የተቆረጠ ጋር ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሪሲቨርሽ ዋይፋይ ካለውና ሎስለስ የሚቀበል ከሆነ፣ ስልክሽ ላይ ከብሉቱዝ ይልቅ በስፖቲፋይ ኮኔክት ምረጪው፤ ያኔ ሪሲቨሩ ዘፈኑን በቀጥታ ከኢንተርኔት ይወስዳል፣ ስልክሽ ሪሞት ብቻ ይሆናል። ከሌለው የአፕልን የዩኤስቢ-ሲ ወደ ጆሮ ማዳመጫ መለወጫ ግዢ፤ ዋጋው 9 ዶላር ነው። ይህች ጣት የማታህል ገመድ ውስጧ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ዳክ አለ፣ እስከ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ድረስ በንጽህና ትሠራለች። ከእሷ ወደ ሪሲቨሩ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ማገናኘት ነው። መቶ እጥፍ ዋጋ ያላቸውን ዳኮች ከፍቼ አይቻለሁ። ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት ለሳጥኑ ነው።

ሌላም ነገር ፈትሺ። ሎስለስ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ለየብቻ ነው የሚከፈተው፤ ስልክሽ ላይ ከፈትሽ ማለት ታብሌትሽ ላይ ተከፈተ ማለት አይደለም። ስታወዳድሪም የድምፁ ከፍታ እኩል መሆኑን አረጋግጪ። ጆሮ ትንሽ የጮኸውን ሁሉ «ይሄ ይሻላል» ይላል። የስፒከር ሻጮች ይህን ከእኔም ከአንቺም በፊት ያውቁታል። ባለቤትሽን ተጠቀሚበት፦ ጀርባሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ፣ እሱ እየቀያየረ ያጫውት፣ አንቺ የቱ እንደሆነ ገምቺና ይጻፍ። ውርርድ ብታስይዙም አልቃወምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሞከርሽው «የድሮ ዘፈን» ነው። ገመዱን ብታስተካክዪም ልዩነቱ ላይሰማሽ ይችላል፣ ምክንያቱም ሎስለስ የሚጠብቀው የተሰጠውን ነው። የአገራችን የሸክላ ወርቃማ ዘመን አጭር ነበር፦ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሠራ፣ ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉ አሳታሚዎችም ነበሩ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላውን ዋጠው። እኔ ፒያሳ ቴፕ ስጠግን የኖርኩት በዚያ ዘመን ነው፤ ደንበኛ «ድምፁ ታፈነ» ብሎ ያመጣው ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነበር፣ የታፈነው ካሴቱ ነው። ከሙዚቃ ቤት የተገዛው ለጎረቤት ተገልብጦ፣ የጎረቤቱ ለወንድሙ፣ የወንድሙ ለፍቅረኛው። በእያንዳንዱ ግልበጣ ላይኛው ድምፅ፣ ማለትም የጸናጽሉና የክራሩ ጫፍ፣ ይሟሽሻል፤ የቴፑ ሽውታ ደግሞ ይደመራል። ደህና የሚባል ተራ ካሴት ከ15 ሺህ ኸርዝ በላይ ብዙም አይይዝም። ከሽውታው እስከ ጩኸቱ ያለው ርቀት 50 ወይም 60 ዴሲቤል ነው፣ የሲዲው 96 ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዱ ያንን የመጨረሻውን ግልባጭ ኤምፒ3 አደረገው፣ ሌላው ከዚያ ወስዶ ስትሪሚንግ ላይ ጫነው። እዚያ ላይ «ሎስለስ» የሚል ምልክት ቢለጠፍ ምልክቱ አልዋሸም፤ የተሰጠውን የታፈነ ካሴት አንድ ቢት ሳይጥል አድርሶልሻል።

ስለዚህ የድሮ ዘፈን ስትመርጪ ከጥራት ምልክቱ ይልቅ ምንጩን እዪ። ከአልበሙ ግርጌ የአሳታሚው ስምና ዓመት ይጻፋል። በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የኢትዮፒክስ የሙዚቃ ተከታታይ፣ ወይም ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ያሳተማቸው፣ ሰው ቁጭ ብሎ ምንጭ የፈለገላቸውና ድምፃቸውን ያጸዳላቸው ናቸው። የኃይሉ መርጊያ የ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮን አልበም መጀመሪያ የወጣው በካሴት ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ግን በጥንቃቄ ነው የተሠራው፤ ካሴት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም ለማለት ነው። አሳታሚው የማይታወቅ፣ ሽፋኑ የዘፋኙ ፎቶ ላይ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ ብዙ አትጠብቂ።

አንድ የጥገና ቤት ዘዴ ልስጥሽ። ያው ዘፈን ሦስት አራት ቦታ ተጭኖ ስታገኚ ርዝመቱን አወዳድሪ። አንዱ 5፡10፣ ሌላው 4፡50 ከሆነና ምንም ካልተቆረጠ፣ አንዱን የገለበጠው ቴፕ ሞተሩ ፈጣን ነበር ወይም የሌላው ደካማ ነበር። ዘፋኙ በአጭሩ ውስጥ እንደ ልጅ ከቀጠነ ያውልሽ። ከዚህ ስህተት ጋር ሲነጻጸር በ320 ኪሎቢትና በሎስለስ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው።

የጻፍሽልኝ ስፒከሮቹ የት እንደተቀመጡ አይናገርም፣ ግን የእኛን ቤት አውቃለሁ፦ ቡፌው ላይ፣ ከሲኒዎቹ ጎን። ቤዝ ጊታሩ ሲመታ የቡፌው መስታወት አብሮ ይነዝራል፣ አንቺም ስፒከሩ የተበላሸ ይመስልሻል። አውርጃቸው። ትንሿ የላይኛዋ ስፒከር፣ ትዊተር የምንላት፣ ስትቀመጪ ከጆሮሽ እኩል ትሁን። ሁለቱ ስፒከሮችና አንቺ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ ወለሉ ጣውላ ከሆነ መሃሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው፣ ከማንኛውም ደንበኝነትም የበለጠ ይሰማሻል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። ለቤቴ ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ገዝቻለሁ። ጓደኞቼ «24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ካልሆነ ሙዚቃ ሰማሁ አትበል» ይሉኛል። ለዚያ የሚሆን ዳክና ልዩ የዩኤስቢ ገመድ በደሞዜ ግማሽ ሊያስገዙኝ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ደሞዝህን ያዝ። የሰው ጆሮ በወጣትነቱ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል፣ ዕድሜ ሲገፋ ከዚያም ይወርዳል። 44.1 ኪሎኸርዝ የግማሹን ያህል፣ ማለትም እስከ 22 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለውን ሁሉ ይመዘግባል። 192 የሚጨምርልህ የሌሊት ወፍ የምትሰማውን ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሜየርና ሞራን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ሙከራ፣ አድማጮች ከፍተኛውን ጥራትና ያንኑ ወደ ሲዲ ልክ የወረደውን እንዲለዩ ተጠየቁ። ከ554 ሙከራ 276ቱን አገኙ፤ ሳንቲም ብትወረውርም ያው ነው።

ዋጋው ደግሞ በኢንተርኔት ጥቅል ይታያል። ሳይታጠፍ ሲሰላ የሲዲ ጥራት በሰዓት 635 ሜጋባይት ግድም፣ 24/192 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ ነው። ዘፋኙ ደህና ተቀድቶ፣ ሚክሱ በጥሩ ሰው ተሠርቶ ከሆነ በሲዲ ጥራት ያምራል፤ ካልሆነ በ192ም አያምርም። ቲዳል፣ ኮቡዝ፣ አፕል ሙዚክ ከሚባሉት የሙዚቃ አገልግሎቶች የምትወደው ዘፋኝ የተሻለ እትም ያለው የትኛው ላይ እንደሆነ ፈልግ። 24 ቢቱ ለሚቀዳው ሰው ይጠቅማል፣ ለሚሰማው ብዙም። ገመዱን በተመለከተ፦ ዩኤስቢ ቁጥር ነው የሚያሳልፈው። ቁጥሩ ወይ ይደርሳል ወይ ተቆራርጦ ቋ ቋ ሲል ትሰማዋለህ።

ጥያቄ፦ ከኔታንያ ነው። ዘመድ ከአገር ይልክልን የነበረ አንድ ካርቶን ካሴት አለን። ዘፈንም አለበት፣ አባቴ በድምፁ የላከልን ደብዳቤም አለበት። ሳይበላሽ በሎስለስ ማስቀመጥ ፈልጌ ነው። የወንድሜ ልጅ ማጫወቻውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ሞከረ፣ ድምፁ የታፈነና የሚያንቋርር ሆነ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ሎስለስ እውነተኛ ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። ዘፈኑ ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል፣ የአባትዎ ደብዳቤ ግን ግልባጭ የለውም። ከዘፈኖቹ ይጀምሩና እጅዎ ሲፈታ ወደ እሱ ይምጡ።

ማንቋረሩ ምናልባት ልጁ ገመዱን የሰካው ላፕቶፑ ማይክሮፎን ቀዳዳ ላይ ስለሆነ ነው። ያ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ነው፣ ካሴት ማጫወቻ ሲሰካበት ይታነቃል። ላይን-ኢን (ለማጫወቻ ድምፅ የተሠራ ቀዳዳ) ያለው፣ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ትንሽ የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ያስፈልጋል። የድምፁ ጫፍ ከዜሮ፣ ማለትም ከመለኪያው የመጨረሻ ጣሪያ፣ 6 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል አድርገው ይቅዱ። 24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ ለካሴት ይበቃል፤ ሳይታጠፍ በሰዓት አንድ ጊጋባይት ግድም ነው፣ ፍላክ ሲያደርጉት ይቀንሳል። መጀመሪያ የተቀዳውን ሳይነኩት ያስቀምጡ። የሽውታ ማጥፊያ ፕሮግራም መጠቀም ቢያምርዎት በግልባጩ ላይ ይሁን፤ እነዚያ ፕሮግራሞች ሽውታውን ሲያጠፉ የሰውየውን ትንፋሽ አብረው ይወስዳሉ።

መታፈኑ ግን «ሄድ» ከምንለው፣ ማጫወቻው ውስጥ ቴፑን ከሚያነበው ብረት ነው። መጀመሪያ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ይጥረጉት፣ ቡናማ እድፍ ይወጣል፤ የላስቲኩን ጎማም እንዲሁ። ከዚያ ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያላት አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ሄዱ ለቴፑ ቀጥ ብሎ መቆሙን የምትወስነው እሷ ናት። ካሴቱ የተቀዳበት ማጫወቻ ሄድ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከነበረ የእርስዎም እንደዚያው ካልዘነበለ ላይኛው ድምፅ ይጠፋል። ድምፁን ሞኖ አድርገው እያጫወቱ ብሎኗን በጣም በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ያዙሯት። የሆነ ቦታ ላይ «ሰ»ና «ሸ» ድንገት ይጠራሉ። ያ ነው ቦታው። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና መፈለግ አለበት፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ በሌላ ሰው ማጫወቻ ነው የተቀዳው። ከመንካትዎ በፊት የነበረችበትን በቀለም ምልክት ያድርጉባት። ዶልቢ የሚል ቁልፍ (ሽውታ መቀነሻ ነው) ካለ ይዝጉት፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳን በዶልቢ ማጫወት እንደገና ማፈን ነው። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ግን ጨርሶ አያስገቡ፣ ሄዱን አበላሽቶ ሌሎቹንም ይበክላል።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነኝ። የአባቴን የጃፓን አምፕሊፋየርና ሸክላ ማጫወቻ ከአዲስ አበባ አመጣሁ። ስትሪሚንግም በእሱ መስማት እፈልጋለሁ። እዚህ ብሰካው ይቃጠላል?

መልስ፦ አይቃጠልም፤ የ220 ዕቃ 120 ላይ ሲሰካ ይደክማል እንጂ አይነድም። የሚነደው የአሜሪካው አገር ቤት ሲሄድ ነው። ከኋላው 120፣ 220 የሚል መምረጫ ካለ፣ የእነዚያ ዘመን የጃፓን ዕቃዎች ብዙዎቹ አላቸው፣ ገመዱን ነቅለህ ወደ 120 አዙረው። ከሌለው ቮልት የሚያሳድግ ትራንስፎርመር ግዛ፣ ዕቃው ከሚፈልገው ዋት እጥፍ የሚችል ይሁን። ለዓመታት ሳይበራ የቆየ ከሆነ ግን ከመሰካትህ በፊት ካፓሲተሮቹን የሚያይ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ለስትሪሚንግ ከዳክ የሚወጣውን ገመድ «ኦክስ» ወይም «ቴፕ» በሚለው ላይ ሰካ፣ «ፎኖ» ላይ አይደለም፤ ፎኖ ለሸክላ መርፌ ደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ያንቋርራል።

ሸክላ ማጫወቻው ሌላ ጣጣ አለው። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ ትራንስፎርመር አያድነውም፦ አገር ቤት 50 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 60፣ ሸክላው አንድ አምስተኛ ፈጥኖ ይዞራል። ለአንዳንዶቹ ሞዴሎች የ60 ኸርዝ መዘውር ይገኛል። የሥሩን ሰሌዳ ፎቶ ላክልኝና እናያለን።