ሠላሳ ሰው ሲሮጥ

ልጆቼ፣ ስቶክሆልም ውስጥ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስደው ቫሳ የምትባል የድሮ የስዊድን የጦር መርከብ ወደቆመችበት ወደ ቫሳ ሙዚየም ነው። ስንት ጊዜ እንደገባሁ መቁጠር ትቻለሁ። እንግዶቼ ፎቶ ሲነሱ እኔ ከመርከቧ ጎን ቆሜ የታችኞቹን የመድፍ መስኮቶች አያለሁ። መሐንዲስ ነበርኩ። እኔ ጡረታ ብወጣም ዓይኔ አልወጣም።

መርከቧን ታውቋት ይሆናል። 64 መድፍ ተሸክማ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ተነሳች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ ገፋ አደረጋት። በታችኞቹ መስኮቶች ውኃ ገባ፣ ሰጠመች። ወደ ሠላሳ ሰው አለቀ። ከላይ ከብዳ ከታች ቀላለች፣ በቃ። የቴክኒኩ ነገር ይኸው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። መርከቧ ገና ወደብ ላይ ታስራ ሳለ ካፒቴኑ ሶፍሪንግ ሃንሶን ምክትል አድሚራሉን ክላስ ፍሌሚንግን ጠርቶ ጉዷን አሳየው። ሠላሳ ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሮጡ። መርከቧ ዘመም አለች። ተመልሰው ሮጡ፣ ባሰባት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሮጡ ፍሌሚንግ እንዲያቆሙ አዘዘ። አንድ ዙር ቢጨመር ወደቡ ላይ ትገለበጥ ነበር ይባላል።

ሩጫው ቆመ። መርከቧ ግን ያው መርከብ ናት።

ንጉሡ ጉስታቭ አዶልፍ ያኔ ፕሩሺያ ጦርነት ላይ ነበር። መርከቧ ቶሎ ትድረስልኝ እያለ ይጽፋል። ፍሌሚንግ ምነው ንጉሡ እዚህ በነበሩ ብሎ ተመኘ ይባላል። ለጭነቱ ኃላፊ ለዮራን ማትሶን ደግሞ፣ ሠሪው ከዚህ በፊትም መርከብ ሠርቷል፣ አትጨነቅ አለው። ይህቺን ቃል እኔም ስንት ቢሮ ሰምቻታለሁ፦ «እሱ እኮ ሠርቶ ያውቃል!» የሚገርመው፣ ሥራውን የጀመረው ዋናው ሠሪ ሄንሪክ ሂበርትሶን ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር።

ማትሶንስ ምን መለሰ? መርከቧ ቀጥ ብላ እንድትቆም እግዚአብሔር ይርዳን አለ። ይሄ ምርቃት እንጂ ተቃውሞ አይደለም። እኛ ደግሞ በዚህ ማን ይችለናል! አለቃ ፊት ተቃውሟችንን በምርቃት ጠቅልለን እንወጣለን። እናንተ ቁጥሩን አስቀድሙ። ሦስት ጊዜ ሮጡ፣ ይህን ያህል ዘመመች፣ አራተኛው አልተሞከረም በሉ። ቀኑን ጽፋችሁ ወረቀቱን አስቀምጡ። ምርቃቱን ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ።

ከአደጋው በኋላ ምርመራ ተደረገ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው፣ የመርከቧን ልክ ንጉሡ ራሱ አጽድቆታል ተባለ። እና ጥፋቱ የማን ነው? ሲባል፣ ከኮንትራት ባለቤቶቹ አንዱ እግዚአብሔር ያውቃል አለ። ማንም አልተቀጣም።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ምክር ሲሰጥ «ዝም ያለው ሰው በኋላ ተዋረደ» ብሎ ቢጨርስ ይቀለው ነበር። ፍሌሚንግ ግን አልተዋረደም። በ1634 የስቶክሆልም የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዢ ሆነ። ዛሬ ሶደርማልም ላይ ቀጥ ብለው የምታዩአቸው ብዙ መንገዶች በእሱ ዘመን የተሰመሩ ናቸው። ስዊድን በ1638 አሜሪካ ዴላዌር ወንዝ ላይ ሰፈራ ስትጀምር ከጀርባ ሆኖ ሥራውን ያንቀሳቅስ ነበር። ጎበዝ ሰው ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እንዲህ ባልከነከነኝ።

ከዴንማርክ ጋር በተነሳው ጦርነት በ1644 መርከቦቹን እየመራ ወጣ። ኮልበርገር ሃይደ ላይ ተዋጋ፤ የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ አንድ ዓይኑን ያጣው እዚያ ነው። ከዚያ ኪል ባሕረ ሰላጤ ገብቶ መርከቦቹን ሲጠግን ዴንማርኮች መውጫውን ዘጉበት። ጁላይ መጨረሻ ላይ አንድ ማለዳ ክፍሉ ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ከየብስ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት እግሩን መታው። የ30 ዓመቱን የምድር ጦር ጄኔራል ካርል ጉስታቭ ቭራንገልን በቦታው ተክቶ ሞተ። «የእጁን አገኘ» የሚል አይጠፋም። እኔ አልልም። የመድፍ ጥይት የሰው ፋይል አያነብም።

ስለ ፍሌሚንግ ይህን ያህል የምጨነቀው ለምን መሰላችሁ? ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነበርኩ። የኮለኑን፣ ማለትም የምሰሶውን፣ ጥንካሬ ለመፈተን የተወሰደው የኮንክሪት ናሙና፣ ኪዩብ የምንለው፣ ተሰብሮ ውጤቱ መጣ፤ ከሚፈለገው በታች ነው። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ ለሁለት አጠፈው። «ሌላ ኪዩብ ይሰበር» አለ። ሌላ ተሰበረ፣ አለፈ። ሁለተኛው ኪዩብ ከዚያ ኮለን ኮንክሪት እንዳልተሞላ አውቃለሁ። ፈረምኩ። ማታ ቤቴ ስገባ እናቴ ትለው የነበረውን «ዝም አይነቅዝም» አልኩ ለራሴ።

እስከ ዛሬ አልነቀዘም። ሕንፃው ቆሟል፣ ከውጭ ሲታይ ስንጥቅ እንኳ የለውም። በእኔና በፍሌሚንግ መካከል ያለው ልዩነት ነፋሱ ነው።

ባለፈው አዲስ አበባ ስመጣ የተሳፈርኩበት ራይድ በትራፊክ መብራት ፊት ለፊቱ ቆመ። ምድር ቤቱ ፋርማሲ ሆኗል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ተከፍቷል። ሕፃናቱ በረንዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሯሯጣሉ፣ ግድግዳውን ነክተው ይመለሳሉ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ስንት እንደሆኑ ስቆጥር ነበር።