ከስሜ ላይ ፍርድ አለ፣ ከኪሴ ገንዘብ የለም፦ ስለ ዕዳ እስር ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «በዕዳ እታሰራለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሱ። የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ነው። መዝገብ የተከፈተበት ሰው ግን ይህን አንብቦ ጠበቃ ማየቱን እንዳይተው።

ጥያቄ፦ 180,000 ብር እንድከፍል ተፈርዶብኛል። የለኝም። ዝም ብለው ያስሩኛል?

መልስ፦ ዝም ብለውማ አያስሩም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እስርን ያስቀመጠው እያለው አልከፍልም ለሚል ሰው ነው። መጀመሪያ የፍርድ ባለመብቱ፣ ማለትም የተፈረደለት ወገን፣ የአፈጻጸም መዝገብ (ፍርዱ ይፈጸምልኝ የሚልበትን ፋይል) ያስከፍታል። መጥሪያ ይደርስሃል፤ ቀርበህ ስለ ንብረትህና ስለ ገቢህ ትጠየቃለህ። አቅም እንዳለህ ከታመነና እምቢ ካልክ እስሩ ይመጣል። እሱም ከስድስት ወር አይበልጥም።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 በውል የገባውን ግዴታ መወጣት ስላልቻለ ብቻ ማንም እንደማይታሰር ይናገራል። «ብቻ» የምትለዋን አስምርባት። ክርክሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

አደራህን ግን መጥሪያ ሲመጣ አትጥፋ። ሰው ሲጠፋ ዳኛው የሚያስበው «ድሃ ነው» ብሎ ሳይሆን «ደብቋል» ብሎ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ፖሊስ ይዞ ያቅርበው» ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከታሰረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ምን ይዘን እንቅረብ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። «የለውም» ብሎ ማልቀስ አያስፈታም። አለመኖሩን ማሳየት አለባችሁ። ላሰረው የአፈጻጸም ችሎት በቃለ መሃላ የተደገፈ አቤቱታ ጻፉ። የደመወዝ ማስረጃ፣ የባንክ ሂሳቡን እንቅስቃሴ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከታመመም የሐኪም ወረቀት አያይዙ። ከቻላችሁ በየወሩ የሚከፈል ነገር አቅርቡ። ትንሽ ብትሆንም እውነተኛ ቁጥር ትሁን። ባለመብቱ ከተስማማ ደግሞ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ መዝገቡ ላይ አስይዙ።

አንድ ጊዜ ችሎት ውስጥ ያየሁት ሰው ትዝ ይለኛል። የተማሪ ደብተር ይዞ መጣ። ያለበትን ሁሉ ጽፎታል፤ የሱቅ ዱቤው፣ የእቁቡ ውዝፍ፣ ሳይቀር። ዳኛው ገጹን እየገለበጡ አነበቡ። ፊታቸው ሲለሰልስ ይታያል። ከዚያ ቀና ብለው «ባጃጇስ?» አሉት። ባጃጅ ነበረችው፣ በአማቹ ስም። ደብተሩ ላይ የለችም። ሰውየው ወደ መጣበት እስር ቤት ተመለሰ፤ የወጣው ባጃጇ ተሸጣ ገንዘቡ ገቢ ከሆነ በኋላ ነው። ያቺን አንዲት መስመር ቢጽፋት ኖሮ ያን ቀን ቤቱ ያድር ነበር ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ገና ሳይፈረድ እስር አለ የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አለ። ተከሳሹ ከፍርዱ ለማምለጥ ከአገር ሊወጣ ነው ተብሎ ፍርድ ቤቱ ሲያምን ነው። መውጫው ዋስ መጥራት ወይም ገንዘብ ማስያዝ ነው። ዋስ የሚሆንህን ሰው ግን እውነቱን ንገረው። አንተ ከጠፋህ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ «ቁራኛ» የሚሉት ይሄን ነው?

መልስ፦ አያትህ ያስታወሱት የድሮውን ነው! ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቆራኝተው ይውሉ ነበር። የከፈለ ወይም ዋስ የጠራ ይፈታል። አስበው፣ አበዳሪውም አብሮ ታሰረ ማለት እኮ ነው። «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያው የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ወሩን ብጨርስ ዕዳው ይሰረዛል?

መልስ፦ አይሰረዝም። እስሩ ማስገደጃ እንጂ ክፍያ አይደለም። ነገ ንብረት ብታፈራ ባለመብቱ በእሱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ፍርድን ለማስፈጸም የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ደረቅ ቼክ ነው፤ በቂ ገንዘብ በሌለው ሂሳብ ቼክ ጽፌያለሁ። እታሰራለሁ?

መልስ፦ ያ ሌላ ነው ወንድሜ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ከተከሰስክ ድህነትህን ማስረዳት ብቻውን አያስፈታህም። ዛሬውኑ የወንጀል ጠበቃ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ኪሳራ ባስታውቅስ?

መልስ፦ ነጋዴ ከሆንክ መንገድ አለ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ዕዳን እንደገና ማደራጀትንም ኪሳራንም ይዟል። ደመወዝተኛ ከሆንክ ግን ይህ በር ለአንተ አልተሠራም። ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን ይወስዱብኛል?

መልስ፦ የሚሠሩበትን መሣሪያ ሕጉ እንዳይያዝ ይጠብቀዋል። ለመያዝ ከመጡ «መተዳደሪያዬ ነው» ብለው ወዲያው ለችሎቱ ያመልክቱ። ሦስት መኪና ካለዎት ግን ሁለቱን ማን እንደሚሰፋባቸው መጠየቅዎ አይቀርም።